«ባለቤቴ ታሞ ጸሎት አልወጣ አለኝ፤ እምነቴ ጠፋ ማለት ነው?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የባለቤቴ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት አልፎታል፤ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ያደርጋል። ያለን ሁሉ እያለቀ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት ተነሥቼ እሰግድ ነበር፤ በቀን ሁለት ንጉሥ ዳዊት እደግም ነበር። አሁን መጽሐፉን ስከፍት ንዴት ይመጣብኛል። ‹ለምን እኛን?› እያልኩ ከእግዚአብሔር ጋር እጣላለሁ፤ ቆይቼ ደግሞ እፈራለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ለገብርኤል የተሳልሽውን ስላላገባሽ ነው አለችኝ፤ እውነትም ያላገባሁት ስለት አለ። የባለቤቴ እህት ደግሞ እጥበቱን አስቁመን ጠበል እናስገባው ትላለች። ከቆረብኩ ወራት አልፈዋል። የንስሐ አባታችን ዐርፈዋል፤ ሌላ አልያዝንም። እምነቴ ጠፋ ማለት ነው? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የጠየቅሽው ስለ እምነትሽ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ መቋጨት ያለበት ጉዳይ አለ፦ የባለቤትሽ እጥበት አይቋረጥ። ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም ፖታሲየም የሚባለው ከምግብ የሚገባ ማዕድንና ትርፍ ፈሳሽ በደንብ የሚወጣበት ሌላ መንገድ የለም። እጥበቱ ከቀረ ፖታሲየሙ የልብን ምት ያዛባል፤ ፈሳሹም ሳንባ ላይ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህ የወራት ሳይሆን የቀናት ጉዳይ ነው። «እምነት ካላችሁ አቁሙት» የሚል ሰው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እየተናገረ አይደለም። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ዝቅ ብሎም የታመመ ሰው እንዲጸልይ ያዝዝና፣ ወዲያው ቀጥሎ ለሐኪሙም ቦታ እንዲሰጠው ያዝዛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንዳንድ ሰዎች እንጦጦ ጠበል ሲገቡ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ይተዉ በነበረበት ወቅት፣ የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለባለቤትሽ እህት ይህን ንገሪያት። ክፋት የላትም፤ ወንድሟ እየሞተባት መስሏት ጨንቋት ነው።

ጠበል ግን ይሂድ፤ አትከልክሉት። የሚከለከለው ጤነኛ ሰው በሚጠመቅበትና በሚጠጣበት መንገድ መጠመቁና መጠጣቱ ነው። ጠበል ቦታ በጆግ እየተቀዳ መጠጣት የተለመደ ነው፤ በእጥበት ላይ ላለ ሰው ግን ውኃ በልክ የሚሰጥ ነገር ነው። ልኩን ሐኪሙ ይነግራችኋል። ከዚያ ልክ ውስጥ አንድ የቡና ስኒ ጠበል ቆጥራችሁ ስጡት፤ በረከቱ በሊትር አይለካም። በአንገቱ ወይም በደረቱ በኩል ቱቦ ከገባለት ቦታው ውኃ እንዳይነካው፤ ከዚያ የሚገባ ጀርም በቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ለካህኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸውና እጁንና እግሩን ያስነኩት፣ ራሱንም በመስቀል ይባርኩት። በክንዱ ላይ የደም ሥር ተቀጥሎለት ከሆነ በዚያ እጅ ላይ ክርም ሆነ መቁጠሪያ አይታሰር፤ በግፊያ መካከልም ሰው ይዞ እንዳይጎትተው ተጠንቀቁ። ከጠበል ቦታ የሚሰጠውን እምነት፣ አመድም ይሁን አፈር፣ አይዋጥ፤ ቱቦው አጠገብም አይቀባ። የምትሄዱበትን ቀን ደግሞ በሁለቱ እጥበቶች መካከል አድርጉት፤ ታጥቦ በወጣበት ቀን ግፊቱ ስለሚወርድ ቆሞ ተራ መጠበቅ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ራስሽ ጥያቄ። እምነትሽ አልጠፋም። ከእግዚአብሔር ጋር የሚጣላ ሰው የሚጣላው አለ ብሎ ከሚያምነው ጋር ነው። ይህን ለማጽናናት ብቻ የተባለ አድርገሽ አትይው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የሚለየው ነገር ነው። እስራኤል በምድረ በዳ የተነቀፉት በድንኳናቸው ተቀምጠው፣ እርስ በርሳቸው፣ እግዚአብሔር ስለ ጠላን ነው ከግብፅ ያወጣን እያሉ በማጉረምረማቸው ነው (ዘዳ 1፥27)። ነቢዩ ዕንባቆም ግን እስከ መቼ እጮኻለሁ አንተም አትሰማም ብሎ ለራሱ ለእግዚአብሔር ተናገረ፤ ነቢይነቱም አልተወሰደበትም። ኤርምያስ ከዚህ የባሰ ተናግሯል፦ አታለልኸኝ እስከማለት ደርሷል። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ ፍርድ ቤት እንዳለ ሰው እግዚአብሔርን ሞገተ። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው ታዲያ በማን ላይ ነው? በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው፦ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም አላቸው (42፥7)። ሦስቱ ሰዎች ከዚያ በፊት የተናገሩትን ብታነቢው እኮ አብዛኛው ለጆሮ የሚጥም ስብከት ነው። ስለ እግዚአብሔር ብዙ አወሩ፤ ለእግዚአብሔር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገሩም። የሞገተው ኢዮብ ነው ለእግዚአብሔር ሲናገር የነበረው።

ስለዚህ ንዴት ሲመጣብሽ የምትመረምሪው አንድ ነገር ነው፦ ለእሱ እየነገርሽው ነው ወይስ ስለ እሱ ለሌላ ሰው እያወራሽ ነው? ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ የሚብላላ ምሬት ቀስ በቀስ ያደርቃል። ያንኑ ቃል ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙረሽ ብትይው ጸሎት ነው። ልብ ካዘነ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ እንባው ወዴት እንደሚፈስ ነው የሚለየው።

እንዴት እንደሚጮህ ደግሞ ዳዊት ያስተምራል። አንቺ በቀን ሁለት ንጉሥ፣ ማለትም ሃያ መዝሙር፣ ትደግሚ ነበር። ይህ እንቅልፍ ላለው ሰው ነው። አሁን ሃያውን ትተሽ ከሚከተሉት አንዱን ብቻ ያዢ፦ 12፣ 21፣ 37፣ 41፣ 68፣ 87፣ 101፣ 129፣ 141። ቁጥሮቹ በዳዊታችን ባለው አቆጣጠር ናቸው፤ በስልክሽ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በዕብራይስጡ የሚቆጥር ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጨምሪ፣ 12ኛው 13፣ 87ኛው 88 ይሆናል። ከ12ኛው ጀምሪ፤ አጭር ነው። እስከ መቼ ትረሳኛለህ፣ እስከ መቼ ፊትህን ትሰውራለህ እያለ ይከስሳል። ቀጥሎ እየኝ፣ ስማኝ፣ ዓይኖቼን አብራልኝ ብሎ ይለምናል። መጨረሻ ላይ እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ ይላል። ክስ፣ ልመና፣ መታመን። በመከራ ጊዜ የሚጸለዩት መዝሙሮች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

የራስሽንም በዚሁ መንገድ ሥሪ። ስሙን ትጠሪያለሽ፤ ያለውን ነገር በስሙ ትናገሪያለሽ፤ የምትፈልጊውን ትለምኛለሽ፤ የቀረሽን እምነት፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ታስቀምጫለሽ። ለምሳሌ፦ «አቤቱ የባሌ አምላክ፣ ማክሰኞ ታጥቦ ረቡዕ መልሶ ያብጣል። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ለእጥበት ከፈልኩት። እስከ መቼ ነው? እንዲተኛ አድርገው፣ ለዓርቡም ገንዘብ አምጣልኝ። አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» የመጨረሻው ቃል የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት በማርቆስ 9 የተናገረው ነው። ጌታም መጀመሪያ እምነትህን አስተካክለህ ና ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን አዳነለት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከክሱ ወደ መታመኑ በችኮላ በመዝለል ነው። «ለምን?» ከማለቱ «ግን ተመስገን» ይላል፤ ንዴቱ ያልወጣ ስለሆነ ማታ ላይ በልጆቹ ወይም በበሽተኛው ላይ ይወጣል። የመታመኑ ቃል ካልመጣልሽ አትጎትቺው። 87ኛው መዝሙር መጨረሻው ላይ የመታመን ቃል የለውም፤ በጨለማ ነው የሚያልቀው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ተቀምጧል፤ ትውልድ ሁሉ ሲደግመው ኖሯል። 21ኛውንም ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ ብሎ ተናግሮታል።

«ተመስገን» ስል እየዋሸሁ ነው ወይ ብለሽም ይሆናል። በቅዳሴያችን ያለው የምስጋና ጸሎት የሚያመሰግነው ለምን እንደሆነ አድምጪ፦ ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ እስከዚህች ሰዓትም ስላደረሰን ነው። ለደዌው አመስግኚ የሚል የለበትም። እስከዚህች ሰዓት ደርሰሻል፤ ይህን ያህሉን ብቻ አስበሽ ተመስገን ብትይ ሐሰት የለበትም። መንገድ ላይ እንዴት ናችሁ ለሚልሽ ሁሉ የቤትሽን ጉድ የመዘርዘር ግዴታ የለብሽም። ግን ሙሉውን እውነት የምትነግሪያቸው ሁለት ሰዎች ይኑሩሽ።

የቀን ሥርዓትሽ ይህን ይምሰል። ጠዋት ስልክ ከመንካትሽ በፊት አባታችን ሆይ፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ አንድ መዝሙር፣ ከራስሽ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ማታ አቅም ካለሽ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፤ ከሌለሽ አሥራ ሁለት ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ብለሽ ተኚ። ስግደቱን ለጊዜው ተይው። ደህና ቀን ሲመጣ ደግሞ አትጨምሪ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎች ግን የሚወድቁት እዚህ ነው፦ አንድ ቀን ልባቸው ይሞቅና አምስት መዝሙር ይጨምራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ያቅታቸዋል፣ አቃተኝ ብለው አንዱንም ይተዉታል። አንድ ወር ሙሉ ሳይበዛም ሳያንስም ያዢው። ምንም ባይሰማሽ ቃሉን ብቻ ብትይው በቂ ነው። ጌታ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል ደገመው እንጂ አዲስ ቃል አልፈለገም (ማቴ 26፥44)።

አንድ እጥበት ብዙውን ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ያን ሰዓት ሁሉ በዳዊት እሞላዋለሁ አትበይ። ግማሹን ተኚበት፣ ወንበር ላይም ቢሆን። ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰድ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሰጠው እንጎቻና ውኃ ነው። ተኛ፤ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ እንደገና በላ። ወደ ኮሬብ የሄደውና የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው (1ነገ 19)። እንቅልፍ ያጣች ሴት እምነቴ ጠፋ ብትል ከሃይማኖቷ በፊት እንቅልፏና ምግቧ ይታይ።

ቤተ ክርስቲያን መግባት ባስጠላሽ ቀን ደጁን ተሳልመሽ እለፊ። አራት ኪሎ ከሆንሽ ቅድስት ሥላሴም በዓታም በእግር ነው። የቅዳሴው ርዝመት ከከበደሽ በማለዳ ለኪዳን ጸሎት ድረሺና ሂጂ፤ አጭር ነው፤ በሰዓቱም የሚቆመው ሰው ጥቂት ስለሆነ ምን ሆነሽ ነው የጠፋሽው የሚልሽ አይበዛም።

ወደ ጎረቤትሽ ቃል ልምጣ። ስለት ማግባት ተገቢ ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር ወይም ቅዱስ ገብርኤል በስለት ዕዳ የሰው ኩላሊት ያቆማል ማለት ድፍረት ነው። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን በድሎ ነው ብለው የጠየቁት ደቀ መዛሙርት፣ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም የሚል መልስ ነው ያገኙት (ዮሐ 9፥3)። በሰሊሆም ግንብ የተጫናቸው አሥራ ስምንት ሰዎችም ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታ በግልጽ ተናግሯል (ሉቃ 13፥4)። ስለትሽን በተመለከተ ግን መፍትሔ አለው፤ ቸል አትበይው። የተሳልሽውንና አሁን ያለሽን አቅም ለንስሐ አባት ትናገሪያለሽ። በኦሪት ሳይቀር የተሳለው ሰው ድሃ ከሆነ ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለት የሚል ሥርዓት ነበረ (ዘሌ 27፥8)። ጃንጥላ ተስለሽ ከሆነ ጧፍ ሊሉሽ ይችላሉ፤ የዘገየውን ወደፊት ሊያሻግሩልሽ ይችላሉ። እስከዚያው ለስለቱ ብለሽ አትበደሪ፤ በጭንቀት ሌላ አዲስ ስለትም አትሳይ። በጭንቅ ሌሊት የሚሳሉት ስለት ሁልጊዜ ከአቅም በላይ ነው፤ ሲነጋም ሌላ ዕዳ ሆኖ ይጠብቃል።

ከጎረቤትሽ የባሰ ሌላ ዓይነት ሰውም ይመጣል። ደዌው የሰው እጅ ነው፣ መተት ነው፣ እገሊት ናት ያስደረገችው ብሎ የቅርብ ዘመድ የሚጠቁም። በቤት ወይም በአዳራሽ አጠምቃለሁ የሚልን ሰው የየትኛው ደብር አገልጋይ እንደሆነና ማን እንደፈቀደለት ጠይቁ። መልስ ከሌለው፣ ወይም ከጸሎቱ በፊት ስለ ገንዘብ ካነሣ፣ ወይም መድኃኒት አቁሙ ካለ፣ በዚያው ይብቃ። የኩላሊት መድከም ብዙውን ጊዜ ከስኳርና ከደም ግፊት ይመጣል፤ ዘመድ መጠርጠር አያስፈልገውም። ከዘመድ የተጣላ ቤት ደግሞ በሽተኛውን የሚያስታምምለት ያጣል።

ፈውስ ለምኚ፤ ሳታፍሪና ሳታለሳልሺ። ቅዱስ ጳውሎስም ሦስት ጊዜ ለምኗል። ነገር ግን ልመናሽ በምን ላይ እንደቆመ ተመልከቺ። ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን፣ ሦስቱን ወጣቶች፣ ከእሳት ያወጣበትን ነው፤ ስብከቱም ሥዕሉም በመዳናቸው ላይ ያተኩራል። እነሱ ግን ወደ እቶኑ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የተናገሩት ሁለት ነገር ነው፦ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም (ዳን 3፥17-18)። «ሊያድነን ይችላል» የሚለውን ብቻ የያዘ ሰው ፈውሱ የዘገየ ቀን የሚቆምበት ያጣል። «ባያድነንም» የሚለውን ብቻ የያዘ ደግሞ መለመን ይተዋል፤ ይህም ተስፋ መቁረጥ ነው፣ ትሕትና ቢመስልም። ሁለቱን በአንድ እስትንፋስ ነው የተናገሩት። በእምነት የጸና ሁሉ ከመከራ ይድናል ለሚልሽ ሰው ከፒያሳ ራቅ ሳትይ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አሳዪው፤ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲረሽናቸው እምነታቸው ጎድሎ አልነበረም።

ባለቤትሽን አትስበኪው። እሱም የራሱ ክርክር ይኖረዋል፤ ምናልባትም እናንተን እያከሰረ እንደሆነ እያሰበ ያፍራል። አንድ መዝሙር አጠገቡ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ እንዲህ ተሰማህ ወይ ብለሽ አትጠይቂው። ጸሎተ ቀንዲል፣ ካህናት ለበሽተኛ ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ሥርዓት፣ ይደረግለት። ብዙ ሰው ለሞት አልጋ የተዘጋጀ እየመሰለው ይፈራዋል፤ ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥14 ላይ የጻፈው ግን ከእናንተ የታመመ ቢኖር ቀሳውስትን ይጥራ ነው፣ የሚሞት አላለም። ጾሙን በተመለከተ የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያዝ የታመመውን አይጨምርም። በእጥበት ላይ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጾም ገበታችን ምስር፣ ባቄላ፣ ድንችና ቲማቲም የሚበዛበት ስለሆነ በፖታሲየም ይከብደዋል። ሐኪሙ የፈቀደለትን ምግብ በጾም ቀንም ይብላ፣ እንቁላልም ቢሆን። በአጠገቡ ሆኖ በጾም ቀን በላህ ብሎ ፊቱን የሚያጨፈግግ ዘመድ ካለ ከቤት ውጭ አውጥተሽ ንገሪው።

ልጆቹን «ከጸለያችሁ አባባ ይድናል» እንዳትያቸው። የባሰ ቀን ቢመጣ የኔ ጸሎት ስላነሰ ነው የሚል ሸክም ዕድሜ ልክ ይዘው ይኖራሉ። «አባባ ታሟል፤ ሐኪሞች እየረዱት ነው፤ እኛም እግዚአብሔር እንዲረዳው እንለምናለን» ይበቃቸዋል። ስታለቅሺ እንዳያዩሽ ብለሽም አትደበቂ።

ሸክሙን ብቻሽን አትያዢ። በማርቆስ 2 በጣራ ያወረዱትን ሽባ ጌታ የፈወሰው እምነታቸውን አይቶ ነው፤ የተሸካሚዎቹን ማለት ነው። አንቺ መጸለይ ያቃተሽ ሰሞን ሌሎች ይጸልዩ፤ የጽዋ ማኅበርተኞችሽን ወይም የሰንበቴ ሰዎችን በግልጽ ለምኚ። «ጸልዩልን» ብቻ ከተባለ ሰው እሺ ብሎ ይረሳል። «ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እጥበት ይገባል፤ አንዳችሁ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡልኝ፣ አንዳችሁ አብራችሁኝ ተቀመጡ፣ ሁላችሁም በዚያ ሰዓት አንድ አባታችን ሆይ በሉልን» በያቸው። ዕድራችሁ ለሞት ብቻ እንጂ ለሕመም አይከፍልም ብለሽ አትቅሪ፤ ደንቡን ጠይቂ፤ ባይኖርም ዳኛው ሊያስወስኑ ይችላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለይተሽ ተመልከቺ። ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ በምንም ነገር ደስታ ከሌለ፣ በተለይም ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው። ሞት ካማረሽ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ለሰው ተናገሪና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ባለቤትሽ የሚታከምበትም ቦታ የአእምሮ ሐኪም ካለ ጠይቂ። ይህም የእምነት ማነስ ተብሎ አይታሰብ።

ከቁርባን የራቅሽው ንዴቴ ያስቀረኛል ብለሽ በራስሽ ፈርደሽ ይሆናል። ከሰው ጋር ቂም ካለ ታርቆ መቅረብ ነው (ማቴ 5፥24)። ከእግዚአብሔር ጋር ያለሽን ክርክር ግን ለንስሐ አባት ይዘሽ ትቀርቢያለሽ እንጂ ብቻሽን ወስነሽ አትቀሪም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚሠራው ሥራ አዲስ የንስሐ አባት መያዝ ነው። አጥቢያሽ ወዳለው ደብር ሄደሽ የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት ወይም አስተዳዳሪውን የንስሐ አባት እንፈልጋለን በያቸው። በቅርብ ያሉና በሽተኛ ቤት ለመምጣት ጊዜ ያላቸውን ካህን ምረጪ፤ በስብከት የታወቁ መሆናቸው ለዚህ አያስፈልግሽም። በመጀመሪያው ቀን አምስት ነገር ንገሪያቸው፦ የቀድሞው አባት ማረፋቸውን፣ የባለቤትሽን ሕመም፣ ያላገባሽውን ስለት፣ ከቆረብሽ የቆየሽበትን ጊዜና ምክንያቱን፣ አሁን ምን ያህል መጸለይ እንደቻልሽ። ሁለታችሁም ለመቁረብ ከተዘጋጃችሁ ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ለእሱ እንዴት እንደሚሆን፣ የግፊት ወይም የስኳር ኪኒን ካለው በምን ሰዓት እንደሚወስድ፣ ከሐኪሙ የተነገራችሁን ይዘሽ ጠይቂያቸው፤ ውሳኔው የእሳቸው ነው። የእጥበቱንም ቀናት በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸው፤ ቀንዲሉን ወይም ቅዳሴውን በዚያ ቀን እንዳይቀጥሩት።